ጉማሬ የማይገባባት ገዳም

ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ዛሬ ጀልባዋ በየብስ ሄደች!

ይህን ብቻ ጽፌ ልተኛ ነበር፤ ግን ደስታው እንቅልፍ ነሣኝ። ከመጀመሪያው ልጻፈው። ኮሌጁ ውስጥ የምተይብላቸው የውጭ አገር መምህር ኮንትራታቸው አልቆ ሲሄዱ፣ ትንሿን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥናቸውንና ልጆቻቸው የሚጫወቱበትን የቴሌቪዥን ጨዋታ ተዉልኝ። ጨዋታው ጥቁር ሣጥን ነው። ሁለት ሽቦ ይወጣለታል፤ በየሽቦው ጫፍ አውራ ጣት የምታህል ዱላና አንድ ቀይ ቁልፍ አለ። ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያገናኙት ሐይቅ ይመጣል። ሐይቁ ላይ ሁለት ጀልባ አለ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የወንድሜ የዳኘው። ከታችኛው ዳር ዕቃ ጭኖ ወደ ላይኛው ዳር ማድረስ ነው ሥራው። በመካከል አፋቸውን የሚከፍቱ አውሬዎች ይመላለሳሉ። ፈረንጆቹ ምን እንደሚሏቸው እንጃ፤ እኛ የምናውቀው ጉማሬ ስለሆነ ጉማሬ ብለናቸዋል። ጉማሬ የነካው ጀልባ ይሰጥማል።

ታዲያ ዛሬ ዳኘው ጉማሬ ሲያሳድደው ጨነቀውና ጀልባውን ከዳሩ ድንጋይ ጋር አጣብቆ ቀዩን ቁልፍ ሲጫን፣ ጀልባዋ ድንጋዩን ወጥታ በሣሩ ላይ መሄድ ጀመረች። ጉማሬዎቹ ውኃው ውስጥ ተደርድረው ያዩዋታል፤ ምንም ማድረግ አልቻሉም። ሳቅን፣ ሳቅን፣ ሆዳችንን ይዘን ወለሉ ላይ ተንከባለልን። እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምን ነካችሁ?»

«እማዬ፣ ታንኳ በእግሩ ሄደ!»

«ስምንተኛው ሺህ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው» አለችና «ይኸን መስታወት አጥፊው፣ መብራት ትጨርሻለሽ» ብላ ተመለሰች። ይህን በቀን ሦስቴ ሳትለው አትውልም።

የሠራው ሰው ይህን መንገድ አላሰበውም። ረስቶት ነው። እኛ ግን አገኘነው። እንዲህ ያለውን ዳኘው «ቀዳዳ» ብሎታል። ነገ ሌላ ቀዳዳ እንፈልጋለን።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። እናቴ ስለት ተስላ መጣች። ስለቱ ምን እንደሆነ ባትነግረኝም አውቀዋለሁ። ዳኘው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነጥቡ አልመጣለትም፤ ለብሔራዊ ውትድርና አዲስ ዙር ምልመላ ሊጀመር ነው እየተባለ ነው። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ዳኘውማ አሥራ ሰባቱን መች ያዘ» ትላለች። ልጁ ቁመተ አጭር መሆኑ በጀን።

ይህን ላስብበት አልፈልግም። ዛሬ አዲስ ቀዳዳ አላገኘንም።

ኅዳር 17

ተይዤ ነበር ማለት ይቻላል!

አመሻሹ ላይ በር ተደበደበ። ዳኘው በጓሮ አጥር ዘለለ። የገቡት የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ክንዱ ናቸው፤ ሁለት ጠባቂም ተከትሏቸዋል። አንድ ደግ ጎረቤት «እነ ሰገነት ቤት ከውጭ አገር ጋር የሚያነጋግር መሣሪያ አለ» ብሎ ጠቁሟል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው፣ ጓድ።»

«ከማን ጋር ነው የሚያገናኘው?»

«ከጉማሬ ጋር።»

እግዜር ያውቃል፣ ፍርሃት ነው ያናገረኝ እንጂ ድፍረት አይደለም። አንዱ ጠባቂ ሳቀ። ጓድ ክንዱ ግን አልሳቁም፤ «አሳዪኝ» አሉ። ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡና ዱላዋን ያዙ። ሰጠሙ። አሁንም ሰጠሙ። ሦስተኛ ሲሰጥሙ ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደግፈው ወደፊት ተጠጉ። ኋላ ላይ ወደ ጠባቂዎቹ ዘወር ሳይሉ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ምርመራውን እቀጥላለሁ» አሏቸው።

ምርመራው እስከ ሰዓት እላፊ ድረስ ቀጠለ።

ኅዳር 22

ምርመራው አላለቀም። በየማታው ይመጣሉ። ዛሬ ስኳር ይዘው መጡ። እናቴ ተቀብላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ እሳቸው ከወጡ በኋላ «እሳት ቤቴ አስገባሽ» አለችኝ። እኔ ነኝ እንዴ የጠራኋቸው?

ዳኘው ግን ደስ ብሎታል። «እታለም፣ ከእኛ ጋር የሚጫወት ሰው እኛን ያፍሳል?» ይላል። እውነቱን ነው። አብሯቸው ተቀምጦ በየብስ መሄዱን አስተማራቸው። ጀልባዋ ሣሩ ላይ ስትወጣ ጓድ ክንዱ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ለካ ጥርሳቸው ነጭ ነው፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ታይቶ አያውቅም።

ታኅሣሥ 2

ዕቃ የሚያበዛ ቀዳዳ!! ዕቃ ጭነህ የላይኛው ዳር ልትደርስ ስትል ቀዩን ቁልፍ ተጭነህ ወደ ኋላ ከሳብህ፣ ዕቃው ዳሩ ላይም ይቆጠራል፣ ጀልባህም ላይ ይቀራል። ደግመህ ታራግፈዋለህ። ደግመህ። ነጥቡ ከቁጥሩ ቦታ አልፎ ፈሰሰና የማናውቀው ምልክት ሆነ፤ አንዱ ጭራ ያለው ሰ ይመስላል። ዳኘው ነው ያገኘው። ጓድ ክንዱ «ይኸ ልጅ! በዚህ ዕድሜው ይህን ያህል ጭንቅላት!» ሲሉ፣ እኔ በደስታ ሰክሬ ነበርና «ምን ልጅ ነው እሱ፣ አሥራ ዘጠኝ ሞላው እኮ» አልሁ።

ዳኘው ዱላዋን ጣለ።

ጓድ ክንዱ ዓይናቸውን ከመስታወቱ አላነሱም። ዕቃ ጫኑ፣ አደረሱ፣ ደግሞ ጫኑ። የሰሙ አይመስሉም። የሰሙ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 3

አፌ። ይህ አፌ። እናቴ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ቢላ ስትሞርድ ዋለች።

ሰምተው ከሆነስ?

ታኅሣሥ 4

ዘዴ ፈጠርን። ዳኘው «አንበሳሜ አክስቱ ዘንድ ሄዷል» ነው የሚባለው። ጓድ ክንዱ ሲመጡ ጓዳ ከጎተራው ኋላ ይገባል። ዛሬ ገና ከመግባቱ አቧራው ጉሮሮውን ከረከረውና አሳለው።

«ምንድን ነው?» አሉ ጓድ ክንዱ።

«ድመቷ ናት» አለች እናቴ።

ጥቂት ተጫወቱና «ለድመቷ ማር በሎሚ አድርገው ይስጧት እንጂ፣ እትዬ የብርጓል። ብርድ ነው የመታት» አሉ።

የዋህ ናቸው። ድመት ማር ይልሳል እንዴ?

ታኅሣሥ 8

ዛሬ ያገኘሁትን ቀዳዳ ለሰው ብነግር እብድ ይለኛል! ልቤ እስካሁን አላረፈም።

ጓድ ክንዱና እኔ ተጣላን፤ በጨዋታው ማለቴ ነው። ዕቃዬን ሊቀሙኝ ከቀኝ በኩል መጡ፤ እኔም እምቢ ብዬ በጀልባዬ ገፋኋቸው። እሳቸውም ገፉ። ሁለታችን እኩል እየገፋን የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ደረስን፤ ድንገት ሁለቱም ጀልባ ጠርዙ ውስጥ ጥልቅ አለ። ግማሹ በቀኝ ዳር ይታያል፣ ግማሹ በግራ ዳር። ጉማሬዎቹ ወደ ቀኝ መጡ፣ አላገኙንም። ወደ ግራ ሄዱ፣ አላገኙንም። አንዱ አፉን ከፍቶ በላያችን ላይ አለፈ። ዱላዋን ለቀን እጃችንን አጣጥፈን አየን። ምንም አይነካንም!

ደጋግመን ሞከርነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢገፋ አይሆንም፤ ጠርዙ ይመልሰዋል። አንዱ ቢቀድም አይሆንም። ሁለት ሰው እኩል መግፋት አለበት። «አሁን» ተባብሎ።

ጓድ ክንዱ «ገዳም ነው ይኼ። የሸሸ ሁሉ የማይነካበት» አሉ።

«ገዳም ከሆነማ እኔ አልገባም፤ በከተማችን ሐይቅ ባሉ ገዳማት ሴት አትገባም» አልሁ።

«ገባሽ እኮ። ማን አስወጣሽ?»

«አንተ ነህ ገፍተህ ያስገባኸኝ!»

አንተ አልኋቸው። ምላሴ አዳልጦት ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ስል «በዚያው ይቅር» አሉ። በዚያው ይቅር ማለት ምን ማለት ነው? እናቴ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር፤ «መብራት» አለች።

ታኅሣሥ 14

አፈሳ ነበር። ከኳስ ሜዳው ልጆቹን ጨዋታ ላይ እንዳሉ ከበው ወሰዷቸው። የጎረቤታችን የእናትዓለም ልጅ ማልያውን እንደለበሰ ሄደ። እናትዓለም ደጃፏ ላይ ጫማውን ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ምን ልበላት? ተነሥቼ መጣሁ።

ቢሮ ደግሞ ሁለቱ ጸሐፊዎች ጀርባዬን ሰጥቼ ስተይብ «ጓድ ክንዱ የሚያመሸው እነ ማን ቤት እንደሆነ ሰማሽ?» ሲባባሉ ሰማሁ። «ያቺ ከዚህ በኋላ ምን ቸገራት!» አለች አንደኛዋ። አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ቀደድሁት።

ክንዱ ማታ መጣ። መሣሪያውን በር ላይ አቆመና ተቀመጠ። በየብስ እንሂድ አልሁት፤ አልሳቀም። «ኳስ ሜዳ አንተ ነበርህ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስሁት። እጁ ዱላዋ ላይ ነበረ፤ አልገፋም።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ክንዱ በዓሉን እናቱ ዘንድ መራዊ ውሎ ዛሬ ተመለሰ። በሐይቁ ደሴት ገዳም የሚኖሩት አጎታችን አባ ገብረ መስቀልም መጥተው ነበርና ሁለቱ ቤታችን ተገጣጠሙ! እናቴ አመድ መሰለች። አባ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ካላየሁ ብለው ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ።

ገዳሟን አሳየናቸው። «ወይ ጉድ! ግማሽ ሰው እዚህ፣ ግማሽ ሰው እዚያ» ብለው ጺማቸውን እያሻሹ ሳቁ።

ክንዱ ድንገት «አባ፣ የደሴቱ ታቦት ለጥምቀት በጀልባ ነው የሚመጣው?» አላቸው።

«አዎን፣ ልጄ። ጥር አሥራ ሁለት በጀልባ ይመለሳል።»

«ታቦት ሲያልፍ ጠባቂውም ሕዝቡም አንገቱን ይደፋል። ማን ቀና ብሎ የዲያቆናቱን ፊት ያያል?» አለና ዱላዋን ወዘወዘ፤ «ጨዋታውን ነው የምለው።»

ጨዋታው ላይ ዲያቆን የለም። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። አባ ግን ከዚያ በኋላ አልሳቁም። ሲወጡ ጓዳ ገብተው ከእናቴ ጋር ተንሾካሾኩ። አባታችን መሪጌታ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዳኘውን ገና ነፍስ ሳያውቅ ዲቁና አስቀብሎታል። ይህን ረስቼው ነበር።

ጥር 5

ክንዱ ከመጣ ሰነበተ። ከላይ የተላከ ካድሬ ቀበሌው ውስጥ ከትሟል፤ ቤት ለቤት ፍተሻ ይጀመራል ይላሉ። ዳኘው ቀኑንም ጎተራው ኋላ መዋል ጀመረ። ማታ ማታ አውጥቼ አጫውተዋለሁ፤ ግን ጨዋታው አልጥም አለኝ። ሁለተኛ ሰው ሲጎድል አይሆንም። ዳኘው «እታለም፣ እኔ ሰው አይደለሁም?» አለኝ። ለካ ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ።

ጥር 10

ከተራ። ፍተሻው ሰፈራችን ደርሷል። ዳኘው የለም፤ ሌሊት አባ ወስደውታል። እናቴ ጓዳውን ሁለቴ ጠረገች። ታቦቱ የሚመለሰው ከነገ ወዲያ ነው።

ጥር 12

ሄደ! ሄደ! ሄደ!

ተረጋግቼ ልጻፍ። ሐይቁ ዳር የሰው ጎርፍ ነበር። ካድሬው ከነጠባቂዎቹ የጀልባው መሳፈሪያ ላይ ቆሟል፤ የሚሳፈረውን ወንድ ሁሉ ፊቱን እያዩ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ከፊት የቆመው ክንዱ ነው። አንድ ጎረምሳ ከመዘምራኑ መካከል ጎትተው ሲያወጡ አየሁ።

ከዚያ ታቦቱ መጣ። አባ ገብረ መስቀል ተሸክመዋል፤ ከፊታቸው ልብሰ ተክህኖ የለበሰ አጭር ዲያቆን ቃጭል እያቃጨለ ይሄዳል። የእኔ ዳኘው። እጁ ሲንቀጠቀጥ ቃጭሉ ከመጠን በላይ ይጮኻል፤ ደግነቱ ቃጭል በዛ ብሎ የሚጠረጥር የለም። እናቴ እጄን ጨምቃ ይዛዋለች፤ አሁንም ያመኛል።

ክንዱ አየው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እኔ ከቆምሁበት ሆኜ አየሁ። ክንዱ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና እስከ መሬት አጎነበሰ። እሱ ሲያጎነብስ ጠባቂዎቹም ተከትለው አጎነበሱ። ካድሬው ብቻ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ እሱ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ የእነ የብርጓልን ልጅ ከየት ያውቀዋል? ታቦቱ ጀልባው ላይ ወጣ። እልልታ። ጀልባዋ ከዳሩ ለቀቀች። ሰው ሁሉ ቀና አለ፤ ክንዱ ግን አላለም። ጀልባዋ መካከል እስክትደርስ አጎንብሶ ቆየ። ካድሬው ዘወር ብሎ እያየው ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደቆየ እንጃ። ጸሎት አብዝቶ ይሆናል።

ቤት ገብተን እናቴና እኔ ተያይዘን ዘለልን። እናቴ ዘለለች! ገዳም ገባ! ጉማሬ የለም!

ጥር 18

ከደሴቱ መልእክት መጣ፤ ዳኘው ደኅና ነው። አባ ዜማ ያስጠኑታል፤ «ድምፁ እንደ ድመቷ ነው» ብለው ላኩብን። ስቄ ልሞት!

ክንዱ አልመጣም።

ጥር 21

ቢሮ ውስጥ ነው የሰማሁት። ያቺው ጸሐፊ ናት፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከቀበሌያችን ከተጠየቀው ምልምል አንድ ሰው ጎድሏል። ካድሬው ስብሰባ ጠርቶ ክንዱን አስነሥቶ «መሳፈሪያው ላይ ምን አየህ?» ብሎታል። «ታቦት» አለ ክንዱ። «ሌላስ?» «ሌላ አላየሁም።» «እንግዲያው የጎደለውን አንተ ሙላ» አለው።

ጠባቂ ስለሆነ አይነኩትም ብዬ ነበር። እኔ ነኝ «አሥራ ዘጠኝ ሞላው» ያልሁት። ከዚያች ማታ ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ድመቷንም፣ አንበሳሜንም፣ ሁሉንም። የዋህ እሱ ነው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ገጹን ገልጬ አነበብሁት። እኔ ነበርሁ።

ጥር 23

መጣ። የመጣው ያለ ጠመንጃ ነው፤ አንዲት የጨርቅ ቦርሳ አንግቷል። ጠዋት ወደ ማሠልጠኛ ይጫናሉ።

እናቴ ከመደቡ አልተነሣችም። እሱም ከበሩ አላለፈም። «አንድ ጊዜ እንጫወት ብዬ ነው» አለና ገብቶ ተቀመጠ። በየብስ ሄድን። ዕቃ አበዛን፤ ጭራ ያለው ሰ ወጣ፤ ሳቅን። እውነቴን ነው፣ እንደዚያች ማታ ስቄ አላውቅም። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ጠርዙ ሄድን። «አሁን» አለ። ገፋን። ገባን። ጉማሬዎቹ በላያችን ተመላለሱ።

ዱላዋን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«አታጥፊው» አለኝ።

እናቴ የዚያን ጊዜ ተነሣች። ለዳኘው ልትልከው ሁለት ቀን የጠበሰችውን ዳቦ ቆሎ ከነቋቱ አምጥታ ቦርሳው ውስጥ ገለበጠችው። አንድም አላስቀረች። «እትዬ የብርጓል፣ ይኼ የዳኘው…» ሲል «ዝም በል፣ ልጄ» አለችው። ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ቀድማ ፊቱን ይዛ ሳመችው። እኔ እጄን ብቻ ዘረጋሁ። ጨበጠኝ። እወድሃለሁ ማለት ነበረብኝ። አሁን ለዚህ ደብተር ነው የምነግረው፤ ምን ያደርግለታል?

ጥር 24

አላጠፋሁትም። ሣጥኑ ግሏል፣ ጀልባዎቹ እዚያው ናቸው። ከቢሮ ስመለስ እናቴ መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ስለ መብራት አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኔው ራሴ «ይጠፋ ይሆን?» ብላት «ምን አስቸኮለሽ? ይብራ» አለች።

ጥር 27

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ።

በጨለማው ሣጥን ፊት ቆምሁ። አለቀስሁ። ለአንድ ጨዋታ እንዲህ ይለቀሳል? ይለቀሳል።

ማታ መብራት ሲመጣ ሐይቁ እንደ አዲስ ተከፈተ፤ ሁለቱ ጀልባ ከታችኛው ዳር፣ ጉማሬዎቹ በመካከል። አንዱን ዱላ በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዤ ሞከርሁ። አንዱ ይቀድማል፣ ጠርዙ ይመልሰኛል። የክንዱን ጀልባ ጉማሬ ዋጠው። እንደገና ጀመርሁ። እንደገና ዋጠው። እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ታየኝ ነበር።

«አምጪ እስቲ» አለችና ዱላዋን ከእጄ ወሰደች።

«እማዬ፣ አትችይውም።»

«የትኛው ነው የልጁ?»

አሳየኋት። የያዘችው ገልብጣ ነው፤ አቃናሁላት። መጀመሪያ በየብስ ወጣች፤ «ኧረ ወዴት ልትወስደኝ ነው ይቺ!» ብላ ጮኸች፤ እያለቀስሁ ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቴ ሰጠመች፤ ጉማሬውን ሰደበችው። ቀስ በቀስ ጠርዙ ላይ ደረስን።

«ስልሽ ነው የምትገፊው፣ እማዬ። እኩል። ካልተስተካከልን አይከፍትም።»

«እሺ፣ በይ።»

«አሁን!»

ገፋች።